ካህኑን ንጉሥ ፍለጋ፦ ስለ ባሕር አሳሾቹ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ፖርቱጋልና ስፔን መርከበኞች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እንዲህ ይጎርፋል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሎምበስ የወጣው ምድር ክብ መሆኗን ሊያረጋግጥ ነው ብለው አስተምረውናል። እውነት ነው?

እኔንም እንደዚያው ነበር ያስተማሩኝ። ግን አይደለም። በ1492 የተማረ አውሮፓዊ ሁሉ ምድር ክብ መሆኗን ያውቃል። ኤራቶስቴንስ የሚባል ግሪካዊ እስክንድርያ ተቀምጦ ዙሪያዋን ያሰላው ገና ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው። ክርክሩ በመጠኗ ላይ ነበር። ኮሎምበስ ደግሞ አሳነሳት። በረጅሙ የአረብ ማይል የተለካውን በአጭሩ የጣሊያን ማይል ቆጠረው። በዚህም ላይ እስያን ወደ ምሥራቅ ለጠጣት። በእሱ ስሌት ከካናሪ ደሴቶች እስከ ጃፓን 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እውነቱ 20,000 ይጠጋል። «አይሆንም፣ ሩቅ ነው» ያሉት ምሁራን ልክ ነበሩ። መንገዱ ላይ ማንም ያልጠበቀው አህጉር ባይጋረጥ ኖሮ፣ ሰውየው ከነመርከበኞቹ በረሃብ አልቆ ስሙን የሚያነሳው አይኖርም ነበር። ተሳስቶ የቀናው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ወራት ሙሉ ውኃ ላይ ሲቆዩ ምን ይበሉ ነበር?

ሁለቴ የተጋገረ ደረቅ ብስኩት፣ በጨው የታሸ ሥጋ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ጥራጥሬ፣ ወይን ጠጅ። የመጀመሪያው ወር ላይ ክፉ አይደለም። ችግሩ ሲሰነብት ነው።

የማጄላንን ጉዞ ውሰዱ። ሰውየው ፖርቱጋላዊ ነው፤ የገዛ ንጉሡ ፊት ስለነሳው ለስፔን አደረ። በመስከረም 1519 በአምስት መርከብ፣ ወደ 240 ሰው ይዞ ወጣ። ኅዳር 28 ቀን 1520 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አልፎ ወደ ትልቁ ውቅያኖስ፣ ወደ ፓስፊክ ገባ። ጥቂት ሳምንት የሚፈጅ መስሎት ነበር። ጉዋም ደሴት ደርሰው ትኩስ ምግብ የቀመሱት በመጋቢት 1521 ነው።

በመካከሉ የሆነውን አብሮ የተጓዘው ጣሊያናዊ አንቶኒዮ ፒጋፌታ ጽፎታል። ብስኩቱ ዱቄት ሆኗል፤ ዱቄቱን ትል ወርሶታል፤ የአይጥ ሽንት ይሸታል። ውኃው ቢጫ ሆኖ ከርፍቷል። ገመድ እንዳይፈገፍግ ብለው ከዋናው ምሰሶ አግዳሚ እንጨት ላይ የጠቀለሉትን የበሬ ቆዳ ፈቱት። ፀሐይና ጨው እንደ እንጨት አድርቆታል። አራት አምስት ቀን ባሕር ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ፍም ላይ ጣል አደረጉት፤ በሉት። የእንጨት ብናኝም በሉ። አይጥ አንዱ በግማሽ ዱካት፣ ያውም በወርቅ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። እሱም ከተገኘ ነው!

ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ስለሸፈነው ማኘክ ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። ይህ ስከርቪ ነው፣ የቫይታሚን ሲ እጥረት። ፒጋፌታ 19 ሰው ሞተ ይላል። በሶ ቢያውቁ ኖሮ እያልኩ አስብና፣ ለስከርቪ በሶም እንደማይሆን ትዝ ይለኛል። የሚያድነው ሎሚና ቅጠላ ቅጠል ነው።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤታቸውስ?

ከመርከቡ ጎን ወደ ባሕሩ የተንጠለጠለ ሳንቃ። ማዕበል ሲመጣ ጥሩ አድርጎ ያጥባል። በቃ።

ጥያቄ፦ ምድርን መጀመሪያ የዞራት ማጄላን ነው አይደል?

አይደለም፤ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1521 ፊሊፒንስ ውስጥ ማክታን በምትባል ደሴት ላይ በአካባቢው ሰዎች ጠብ እጁን አስገብቶ ተገደለ። የገጠመው ከደሴቲቱ አለቆች አንዱ የሆነው የላፑላፑ ሠራዊት ነው። ላፑላፑ ዛሬ በፊሊፒንስ ጀግና ነው፤ ሐውልት አለው። ከአምስቱ መርከብ ዙሩን የጨረሰችው «ቪክቶሪያ» ብቻ ናት። ኤልካኖ የሚባል ባስክ እየመራት በመስከረም 1522 ስፔን ስትገባ የተሳፈሩት አውሮፓውያን 18 ነበሩ። የጫነችው ቅርንፉድ ግን የጉዞውን ወጪ ሸፈነ። ቅርንፉድ ያኔ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ከዚህ ገምቱ።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ሊደርሱ ሲሉ ኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ላይ ቆሙ። ፒጋፌታ በየቀኑ ሳያዛንፍ ማስታወሻ ይይዛል። በእሱ ቆጠራ ዕለቱ ረቡዕ ነው። የደሴቱ ሰዎች ሐሙስ ነው አሏቸው። ተጨቃጨቁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ምድርን የዞረ ሰው አንድ ቀን ይጎድልበታል። ከዚያ በፊት ይህ በሰው ላይ ደርሶ አያውቅም።

ኤንሪኬን አለመጥቀስም ግፍ ነው። ማጄላን ቀደም ሲል በዛሬዋ ማሌዥያ ማላካ ላይ የገዛው ባሪያ ነው። ፊሊፒንስ ሲደርሱ በማላይኛ ተናገረ፤ ሰዎቹም ገባቸው። በአውሮፓ በኩል ዞሮ ወደ ቀዬው አካባቢ የተመለሰ ሰው ነበር ማለት ነው። ጌታው ከሞተ በኋላ እዚያው ቀረ።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ በሌለበት መንገዱን እንዴት አገኙት?

በሰሜን በኩል ሲሆኑ የሰሜን ኮከብን ከፍታ ይለካሉ። ከምድር ወገብ ሲያልፉ ኮከቡ ይጠፋል፤ ያኔ የቀትር ፀሐይን አስትሮላብ በሚባል የከፍታ መለኪያ ለክተው ከሰንጠረዥ ያነጻጽራሉ። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሄዱ በዚህ ይታወቃል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው ግን ግምት ነበር። አንድ ልጅ በየግማሽ ሰዓቱ የአሸዋ ሰዓቱን ይገለብጣል፤ የመርከቡን ፍጥነት በዓይን ገምተው ያባዛሉ። ይህ ችግር የተፈታው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው።

ትልቁ እውቀት ግን የነፋስ ነው። ቫስኮ ደ ጋማ በ1497 የአፍሪካን ዳርቻ ይዞ አልወረደም። ነፋሱን ፍለጋ ወደ አትላንቲክ መሀል ገብቶ፣ ትልቅ ቅስት ሠርቶ ዞረ። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሦስት ወር የብስ አላዩም። ኮሎምበስ በመጀመሪያው ጉዞው የብስ ሳያይ የቆየው ከአምስት ሳምንት ብዙም አያልፍም።

ጥያቄ፦ ቫስኮ ደ ጋማ ሕንድ ሲደርስ እንዴት ተቀበሉት?

ተሳቀበት። ግንቦት 20 ቀን 1498 ካሊኬት ደረሰ። መንገዱን ያገኘው ብቻውን አይደለም፤ የዛሬዋ ኬንያ ውስጥ ያለችው የማሊንዲ ንጉሥ ባሕሩን የሚያውቅ መሪ ሰጥቶት በ23 ቀን ተሻገረ። መሪው ዝነኛው አረብ አህመድ ኢብን ማጂድ ነው የሚለውን ታሪክ የዛሬ ተመራማሪዎች ብዙም አይቀበሉትም።

ካሊኬት ወደብ ላይ ስፓኒሽ የሚያውቁ ሁለት የቱኒስ ነጋዴዎች ነበሩ። መጀመሪያ የወረደውን ፖርቱጋላዊ «ሰይጣን ይውሰድህ፣ ምን አመጣህ?» አሉት። «ክርስቲያኖችና ቅመም ፍለጋ» አለ። የዘመኑን ነገር ሁሉ በሁለት ቃል ጨረሰው።

ለካሊኬቱ ንጉሥ የተዘጋጀው ስጦታ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ 12 ሽንሽን የጥለት ጨርቅ፣ ስድስት ባርኔጣ፣ አራት ቀይ ቆብ፣ አራት ዘለላ ኮራል የሚባል የባሕር ጌጥ፣ ስድስት የእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ ስኳር፣ ሁለት በርሜል ዘይት፣ ሁለት በርሜል ማር። የንጉሡ ሰዎች አይተው ሳቁ። ከመካ የሚመጣ የመጨረሻ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ ይሻላል፣ ለንጉሥ ወርቅ ነው የሚመጣው አሏቸው።

ክርስቲያኖቹስ? የሂንዱ ቤተ መቅደስ ገብተው ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ጸለዩ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች አራት አምስት እጅ፣ የፈጠጠ ጥርስ ነበራቸው። አንዱ ተንበርክኮ «ይህ ሰይጣን ከሆነ እኔ የምሰግደው ለእውነተኛው አምላክ ነው» አለ። ጋማ ዞር ብሎ ፈገግ አለ ይላል በኋላ የጻፈው የፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊ።

ጥያቄ፦ ስታወራላቸው የወደድካቸው ትመስላለህ። ባሪያ ፈንጋይና ወራሪ አይደሉም እንዴ?

ናቸው። ድፍረታቸው ያስገርመኛል፤ ሥራቸውን ግን አልሸፍንም። በነሐሴ 1444 ፖርቱጋል ውስጥ ላጎስ በሚባል ወደብ ከምዕራብ አፍሪካ የተያዙ 235 ሰዎች ወረዱ። በሜዳ ላይ ከፋፈሏቸው። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ ተደፍተው እንደነበር የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ራሱ ጽፎታል። የፖርቱጋሉ ልዑል ሄንሪ ፈረሱ ላይ ሆኖ ያይ ነበር፤ ከአምስት አንዱ ድርሻው ነው።

ጋማም ቢሆን በ1502 ሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ፣ ከመካ የሚመለሱ ሐጃጆችን የጫነች መርከብ ዘርፎ ከነሰዎቹ አቃጠላት። ሴቶቹ ጌጣቸውን እያሳዩ፣ ሕጻናቶቻቸውን ወደ ላይ እያነሱ ይለምኑ ነበር። ይህንን የጻፈው ጠላት አይደለም። በራሳቸው መርከብ ላይ የነበረ ጸሐፊ ነው።

ጥያቄ፦ የጋማ ልጅ እኛ አገር ሞተ ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው?

የምር ነው። ክሪስቶፈር ደ ጋማ ይባላል። በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር በምጽዋ ገብቶ፣ ከደብረ ዳሞ የወረዱትን እቴጌ ሰብለ ወንጌልን ይዞ ወደ ደቡብ ዘመተ። በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ በኢማም አህመድ ጦር ተሸነፈ፤ ቆስሎ ተማረከ፤ ተገደለ። የተረፉት ከአጼ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ኢማሙም እዚያ ወደቁ።

ጥያቄ፦ ፖርቱጋሎች ከመጀመሪያው እኛን ምን ብለው ፈለጉን?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አንድ ወሬ ይናፈሳል። ከእስላሞቹ አገር ወዲያ ፕሬስተር ጆን የሚባል፣ ካህንም ንጉሥም የሆነ ኃያል ክርስቲያን አለ ይባላል። መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት። ሲያጡት ወሬው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ጆአዎ በ1487 ሁለት መንገድ ሞከረ። በባሕር ባርቶሎሜው ዲያዝን ላከ፤ እሱ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ተመለሰ። በየብስ ደግሞ ሁለት ሰላዮች፦ አፎንሶ ደ ፓይቫና ፔሮ ደ ኮቪልሃ።

ከሁሉም አሳሾች ኮቪልሃ ይበልጥብኛል። አረብኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ሮድስ ደሴት ላይ ማር ገዝተው፣ የማር ነጋዴ መስለው እስክንድርያ ገቡ። ሁለቱም በንዳድ ተያዙ። የከተማው ሹም ይሞታሉ ብሎ ማራቸውን ወረሰው! ዳኑና ካሳ ተቀበሉ። የመን ውስጥ ኤደን ወደብ ላይ ተለያዩ፤ ፓይቫ ወደ ኢትዮጵያ፣ ኮቪልሃ ወደ ሕንድ። ካሊኬትን፣ ጎዋን፣ ሆርሙዝን፣ በአፍሪካ በኩል ሶፋላን አየ። ጋማ ከመምጣቱ አሥር ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው።

ካይሮ ተመልሶ ሲመጣ ፓይቫ ሞቷል። ሁለት ፖርቱጋላዊ አይሁዶች፣ አንዱ ጫማ ሰፊ፣ የንጉሡን ደብዳቤ ይዘው አገኙት፦ ፕሬስተር ጆንን ሳታገኝ እንዳትመለስ። መካንና መዲናን፣ ሲናንም አይቶ፣ ዞሮ ዞሮ አጼ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። እስክንድር በደስታ ተቀበሉት፤ በክብር እሸኝሃለሁ አሉት። ብዙም ሳይቆዩ በ1494 ሞቱ። በኋላ የነገሡት አጼ ናዖድ ከለከሉት። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠው፣ ወለደ። አገሩም ሚስት ነበረችው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዝም ብሎ ቀረ?

በ1520 እቴጌ እሌኒ ቀድመው ለላኩት መልእክት መልስ የሚሆን የፖርቱጋል ልዑክ መጣ። ከልዑኩ ጋር አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ለስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጻፈ፤ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ የሚያምነው እንዳይጠፋ ፈርቶ በእግዚአብሔር የማለው እሱ ነው። ኮቪልሃ አስተርጓሚ ሆነላቸው። የአገሩን ሰው ሲያይ አልቫሬዝን ንስሐ አባቱ አደረገው። ለ33 ዓመት ንስሐ አልገባሁም አለው። ለምን ቢለው፣ እዚህ አገር የንስሐን ምስጢር አይጠብቁም፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ለራሱ ለእግዚአብሔር ብቻ ነበር የምናዘዘው አለ። ሰላይ ነውና፣ ልማዱ አልለቀቀውም መሰለኝ።

ለመሄድም ፈቃድ ጠይቋል። አጼ ልብነ ድንግል፣ «በእኔ ዘመን አልመጣህም፤ አባቶቼም የምትገዛውና የምትበላው መሬት ሰጥተውሃል» ብለው ሳይፈቅዱለት ቀሩ። ልዑኩ በ1526 መርከብ ተሳፈረ። ኮቪልሃ ርስቱ ላይ ቀረ።