መልስ፦ የነዳጅ ቧንቧን በአየር መፈተሽ

ውሃ ማመላለሱ ስለሚወደድ አዲሱን የነዳጅ ቧንቧ በውሃ ፈንታ በአየር ግፊት ብንፈትሸውስ ላልከው፣ አይሆንም። አየር ሲታመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፤ አንድ ብየዳ ከለቀቀ ቧንቧው ይፈነዳል። ውሃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ትንሽ እንደፈሰሰ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል።

ቧንቧውን በውሃ ስትሞሉ ከውሃው ፊት ፒግ (በቧንቧው ውስጥ እየተገፋ አየሩን የሚያስወጣ መሰኪያ) አስገቡ፤ ከፍ ባሉ ቦታዎች ያሉትን የአየር ማስተንፈሻዎችም ክፈቱ። ውስጡ አየር ከተረፈ ያው አደጋው ተመለሰ ማለት ነው። ለፈሳሽ ነዳጅ መስመር የተለመደው ፍተሻ በከፍተኛው የሥራ ግፊት 1.25 እጥፍ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ነው፤ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ በ1.1 እጥፍ ሌላ 4 ሰዓት። ቆጠራው የሚጀመረው የውሃውና የአፈሩ ሙቀት ሲቀራረብ ነው፤ አለዚያ ውሃው ሲቀዘቅዝ የሚወርደው ግፊት ፍሳሽ መስሏችሁ በከንቱ ስትቆፍሩ ትውላላችሁ። ብሎን ማጥበቅ የሚቻለው ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ብቻ ነው፤ በዚህ ድርድር የለም። ከጫፍ መዝጊያው ፊት ለፊትም ማንም አይቁም።