የእጅ ቦርሳ በቤት ለመስፋት ላሰቡት እህት፦ ከጨርቁ ይልቅ ስለ ክሩ ይጨነቁ

ጤና ይስጥልኝ። «ፌስታል ከታገደ ወዲህ ለቢሮም ለገበያም የሚሆን ጠንካራ የእጅ ቦርሳ ራሴ መስፋት እፈልጋለሁ፤ በቤት የስፌት መኪና ይቻላል ወይስ የቆዳ መስፊያ መኪና ልግዛ?» ሲሉ የጠየቁትን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ከጸደቀ በኋላ በየሱቁ የተደረደሩት የጨርቅ ቦርሳዎች ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ሳይችሉ እጀታቸው እንደሚነቀል እርስዎም ሳያዩ አልቀሩም። እኔ የሰፋሁት ቦርሳ ግን ምሳ ዕቃ፣ ላፕቶፕ፣ ጃንጥላና የማታ አስቤዛ ተሸክሞ በታክሲ ግፊያ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ሲመላለስ ዓመታት አልፈውታል፤ እስከ ዛሬ አንዲት ስፌት አልተፈታችበትም።

መቼም እንደ እኔ ከእናትዎ የተረፈች ጥቁር ሲንጀር ቤትዎ አለች ብዬ ልነሳ። ቀጥ አድርጎ መቁረጥና መስፋትም ያውቁበታል፤ ስለዚያ አልደክምም።

አንደኛ፣ ጨርቁ። ከጥጥ የተሠራ ወፍራም ሸራ ወይም ያረጀ የወንድ ጂንስ ሱሪ ይበቃል። ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ ቦርሳ በመጀመሪያው አጠባ ከገበሩ ጋር ይጣላል። ፕላስቲክ የተቀባውን የድንኳን ሸራ ባይነኩት እመርጣለሁ፤ መርፌ አንዴ የበሳው ቀዳዳ ስለማይደፈን፣ ስፌት ፈትተው ቢደግሙ ምልክቱ ለዘለዓለም ይታያል። ወርዱ 35፣ ቁመቱ 30፣ መቀመጫው 10 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ቦርሳ 48 በ41 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይቁረጡ፤ በዚህ ልኬት ውስጥ ለጎንና ለታች ስፌት 1.5፣ ለአፉ እጥፋት ደግሞ 4.5 ሴንቲ ሜትር ተይዟል። ጎኑና ታቹ ከተሰፋ በኋላ በየማዕዘኑ የጎኑን ስፌት ከታቹ ስፌት ጋር አገናኝተው ጨርቁን እንደ ሦስት ማዕዘን ይዘርጉትና ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በአግድም ይስፉት። ቦርሳው ወለል ላይ ሳይወድቅ የሚቀመጠው በዚህ ነው። ከገበሩ ሥር ለመቀመጫው የሚገባውን ማጠንከሪያ ከዘይት ጀሪካን ጠፍጣፋ ጎን ቆርጠው ያውጡ፤ ካርቶን ክረምት ሲነካው ይላሽቃል።

ሁለተኛ፣ ክሩ። እዚህ ላይ እባክዎ ታግሠው ያንብቡኝ። መጀመሪያ የሰፋሁት ቦርሳ አራት ኪሎ ከታክሲ ስወርድ ማንገቻው ከሥሩ ተነቅሎ፣ ምሳ ዕቃው ተከፍቶ፣ ሽሮው ለአለቃዬ የማቀርበው ሰነድ ላይ ፈሰሰ። ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ የተበጣጠሰው ክሩ ነው። ክሩን መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ስገዛ ሻጩ «ናይለን ነው፣ ጫማ የሚሰፋበት ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። የተበጠሰውንና የቀረውን ጥቅል ይዤ ስመለስ፣ ከልጄ በዕድሜ የማይበልጠው ሻጭ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ክሩ ምን አደረገ፣ ስፌትሽ ነው» አለኝ። አንቱታው ቢቀር ስፌቴን ባይሰድበው ምን ነበረበት? በዚያች መኪና እናቴ የሰፈር ልጆችን ሁሉ ዩኒፎርም ስትሰፋ ክር እያቀበልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ክሩ ጥጥ መሆኑን በእሳት ላሳየው ክብሪት ብጠይቀው «ሱቄን ልታቃጥይ ነው?» ብሎ ጮኸ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንደሚሰጠው ስነግረው ደግሞ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ እያሳየኝ «እንግዲያው አዋጁ ጋ ሂጂ» አለኝ። በረንዳው ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ አንድ አባት ግን ላይተራቸውን አውጥተው ክሩን ለኮሱት፤ እንደ ወረቀት ሸትቶ ነደደና በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ሆነ። ከራሳቸው ክር ቆርጠው ሲለኩሱት ተኮማትሮ ቀለጠ፤ ጫፉም ሲበርድ እንደ ጠጠር የደደረ ትንሽ ጥቁር እንክብል ሆነ። ናይለንም ፖሊስተርም እንዲህ ነው የሚሆነው። ሻጩ ይህን ሁሉ እያየ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ገንዘቤ አልተመለሰም፤ ስለዚህ እርስዎ ክር ሲገዙ ላይተር ይዘው ይሂዱና የሚቀልጠውን ብቻ ይግዙ፤ አንድ ስንዝር ቆርጦ ለማስለኮስ የማይፈቅድ ሱቅ ከሆነ የሚቀጥለው ይግቡ።

ማንገቻውን ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ያግኙ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ የወንበር ቀበቶ ከፖሊስተር የተሸመነና ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፤ የሰው ክብደት እንዲይዝ የተሠራ ስለሆነ የእርስዎ ድንችና ላፕቶፕ ምንም አይመስለውም። የተቆረጠውን ጫፍ እንዳይተረተር በሻማ እሳት ያስነኩት። ከዚያ ጫፉን ከቦርሳው አፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አውርደው፣ ከሸራው ጀርባ ድርብ የጂንስ ቁራጭ ደግፈው፣ ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ከሰፉ በኋላ መካከሉን ከማዕዘን ማዕዘን በመስቀል ይስፉት፤ ይህ ሁሉ ገበሩ ከመግባቱ በፊት ይለቅ። በአንድ መስመር ብቻ የተያዘ ማንገቻ ሸክሙን ሁሉ በዚያች መስመር ላይ ስለሚጥል ጨርቁን ይዞት ይወጣል። ስፌቱም ደቃቅ አይሁን፤ መርፌው ተጠጋግቶ የበሳው ጨርቅ በቀዳዳው ልክ ስለሚቀደድ ርዝመቱን 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያድርጉት። ለጂንሱ 100/16 ቁጥር መርፌ ይበቃል፤ ቀበቶው ላይ ግን 110/18 ያስፈልጋል። ጨርቁ የተደራረበበትን ቦታ አስቀድመው በመዶሻ ቀጥቅጠው ያሳሱት፤ እዚያ ሲደርሱም ፔዳሉን ትተው መዘውሩን በእጅ እያዞሩ አንድ አንድ ስፌት ያሳልፉ።

ስለ ቆዳ መስፊያ መኪናው ግን፣ ለአንድ ቦርሳ ብለው አይግዙ። ሲንጀሯ ቀበቶው ላይ እምቢ ካለች የሰፌድ መስፊያውን ወስፌ አንስተው አስቀድመው ይብሱና፣ በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ አስገብተው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ እያሻገሩ ይስፉት፤ ጣት ያደክማል እንጂ ከመኪና ስፌት ይጠነክራል። ጊዜ ከሌለዎት ያንን አራት ማዕዘን ብቻ ለሰፈር ጫማ ሰፊ ይስጡት፤ ሥራው ሲሠራ ግን አጠገቡ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ጥለውት ከሄዱ ሁለት ጥልፍ አድርጎ ይሰጥዎታል።