«ና» እና «አትምጣ»፦ የስፓኒሽ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ የግስ ቅርጽ ላይ ይወድቃል፣ ምኞትና ጥርጣሬ የሚነገርበት ላይ። እንግሊዝኛው ሰብጀንክቲቭ ይለዋል፣ ስፓኒሾቹ ሱብኹንቲቦ፣ የግዕዝ ተማሪ ደግሞ ዘንድ አንቀጽ። እንጀምር።

ቨርጂኒያ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የወጥ ቤቱ ልጆች ከኤል ሳልቫዶር ናቸው። አንዱን «እንድትጠነቀቅ እፈልጋለሁ» ልለው ብዬ «ኪዬሮ ኬ ቲዬኔስ ኩይዳዶ» ስል ሳቁብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

እህቴ፣ «ቲዬኔስ» ሳይሆን «ቴንጋስ» ነው። አይዞሽ፣ እኔ ራሴ ለሰው ሁሉ «ኤስፔሮ ኬ ኤስታስ ቢዬን» እያልኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «ኤስቴስ» ማለት ነበረብኝ። አንድም ሰው አላረመኝም፣ ይሉኝታ ይዟቸው መሰለኝ።

መላው ያለው በራሳችን አማርኛ ውስጥ ነው። «እንደሚመጣ አውቃለሁ» እና «እንዲመጣ እፈልጋለሁ» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ ሰውየው ይመጣል፣ አበቃ። ሁለተኛው ምኞት ነው፤ ይምጣ አይምጣ ገና አልታወቀም። ስፓኒሹም እንደዚሁ ይለያቸዋል፦ «ሴ ኬ ቢዬኔ» እና «ኪዬሮ ኬ ቤንጋ»። አፍሽ ላይ «እንደሚ» ከመጣ ተራውን ግስ ተጠቀሚ፣ «እንዲ» ወይም «እንድት» ከመጣ ሱብኹንቲቦውን። ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን ግን ሁለቱም አያስፈልጉም። «መምጣት እፈልጋለሁ» እንደምንለው «ኪዬሮ ቤኒር» ይበቃል።

ቅርጹን ለማግኘት «እኔ» ከሚለው ተነሺ። «ቴንጎ» (አለኝ) ካልሽ መጨረሻዋን ኦ ወደ አ ለውጪያት፦ ቴንጋ፣ ቴንጋስ፣ ቴንጋሞስ፣ ቴንጋን። «አጎ» አጋ፣ «ዲጎ» ዲጋ፣ «ሳልጎ» ሳልጋ፣ «ኮኖስኮ» ኮኖስካ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ውስጥ በ«አር» የሚያልቁት ግን፣ እንደ «አብላር» (መናገር) ያሉት፣ ኦን ወደ ኤ ይለውጣሉ፦ «አብሎ» አብሌ። አፈንጋጭ ይባላሉ እንጂ ሥርዓታቸውን አይለቁም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛው ይከዳሻል። «የሚመጣ አይመስለኝም» ስንል «እንዲ» የለም፣ ስፓኒሹ ግን ጥርጣሬ ስላለበት «ኖ ክሬዮ ኬ ቤንጋ» ይላል። ገና ላልሆነ «ስትመጣ»ም እንዲሁ ነው፦ «ኳንዶ ቤንጋስ»። እነዚህን በቃል መያዝ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

እነዚያው የሳልቫዶር ልጆች «ቴንጋስ»ን መጨረሻዋን ጠበቅ አድርገው «ቴንጋአስ» ይሏታል። እኔ ነኝ የማልሰማው ወይስ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት? (ያችው እህት)

ማንም አልተሳሳተም። በመካከለኛው አሜሪካ «አንተ» ለማለት ከ«ቱ» ይልቅ «ቦስ» ይበዛል፣ ግሱም አብሮ ይለወጣል። አንቺ በ«ቴንጋስ» ቀጥዪ፣ ይገባቸዋል።

የ«እኔ» ዘዴህን ሞከርኩት፣ «ሶይ» (ነኝ) ላይ ስደርስ ግን ኦ የለም! ምን ልቁረጥ?

ጎበዝ፣ ወጥመዱን በራስህ አገኘኸው። «እኔ» ስትል በኦ የማያልቁት ግሶች ስድስት ናቸው፣ ዘዴው የማይሠራውም በእነዚሁ በስድስቱ ነው። ሶይ ሴአ፣ ቦይ ባያ፣ ሴ ሴፓ፣ ኤ አያ፣ ኤስቶይ ኤስቴ፣ ዶይ ዴ ይሆናሉ። ስድስት ብቻ ስለሆኑ ሸምድዳቸውና ተገላገል። «ባያ»ን አጥብቀህ ያዝ። «ይቅናህ» ብለህ ሰው ስትሸኝ «ኬ ቴ ባያ ቢዬን» ነው የሚባለው።

«ና» ለማለት «ቤን»፣ «አትምጣ» ለማለት ግን «ኖ ቤንጋስ»። ለምን «ኖ ቤን» አይባልም? ይሄ ቋንቋ ጤና የለውም!

ወንድሜ፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅም ስለ እኛ ይህንኑ ይላል። መምጣት ካለ «ምጣ» መባል ነበረበት፣ እኛ ግን «ና» እንላለን። ስንከለክል ደግሞ «አትና» አንልም፣ ወደ ሥሩ ተመልሰን «አትምጣ» እንላለን። ስፓኒሹም ሲያዝ አጠር ያለች የራሷ ቃል አለችው፣ ሲከለክል ሱብኹንቲቦ ይጠራል። «ዲ» በል፣ «ኖ ዲጋስ» አትበል። «ሳል» ውጣ፣ «ኖ ሳልጋስ» አትውጣ። «ቤ» ሂድ፣ «ኖ ባያስ» አትሂድ።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ኩባ ሄደው፣ የወጣቶች ደሴት ነው የተማሩት። «ኦሃላ» ማለት «ኢንሻላህ» ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

አጎትህ ልክ ናቸው ማለት ይቻላል። ቃሉ አረቦች ስፔንን በገዙበት ዘመን ከአንዳሉሲያ አረብኛ የገባ ነው፣ «አላህ ቢሻ» ከሚለው። ቃል በቃል «ኢንሻላህ» አይደለም፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዛሬ «ምነው በሆነ» ለማለት ክርስቲያኑም እምነት የለሹም ይለዋል። ከኋላው ሁልጊዜ ሱብኹንቲቦ ይከተላል፦ «ኦሃላ ቤንጋ»፣ ምነው በመጣ። ከአጎትህ ጋር በደንብ አውራ፣ የነጻ አስተማሪ በቤትህ አለህ።

ሥራ ቦታዬ አንዲት እናት «አያ» (ይኑር) በማለት ፈንታ «አይጋ» ይላሉ። እኔም ልበለው?

አትበለው፣ ግን አትሳቅባቸው። ገጠር ውስጥ ብዙ ቦታ የሚሰማ አነጋገር ነው። «ካይጋ» (ይውደቅ) እና «ትራይጋ» (ያምጣ) ካሉ «አይጋ» ለምን ይቀራል ብሎ ሕዝብ የሠራው ቅርጽ ነው። ስፔን ውስጥ ደግሞ «አይጋ» የትልቅ፣ ለታይታ የሚነዳ መኪና ስም ሆኖ የንጉሣዊው አካዳሚ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። ቀልዱ እንዲህ ነው፦ ድንገት ሀብታም የሆነ ሰው መኪና ሊገዛ ይሄዳል። የትኛውን ትፈልጋለህ ሲሉት «ካለው ሁሉ ትልቁን» ለማለት፣ «ኤል ማስ ግራንዴ ኬ አይጋ!»