1 ካራት ሆኖ ለምን አንዱ ትንሽ ይመስላል?

እህቴ፣ እዚሁ ሐዋሳ ለሰርግ ቀለበት ሁለት አልማዝ አሳዩኝ፣ ሁለቱም 1 ካራት ናቸው አሉኝ፣ ግን አንዱ በዓይን ያንሳል፣ እየሸወዱኝ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የግድ አይደለም። ካራት ክብደት እንጂ ስፋት አይደለም። 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፣ በቃ። (ከወርቁ 18 ካራት ጋር እንዳታምታቺው፣ እሱ የወርቁን ጥራት ነው የሚነግርሽ።)

ዓይንሽ የሚያየው የላዩን ፊት ብቻ ነው። ክብደቱ ግን ወደ ታችም አለ። ድንጋዩ ሲቀረጽ ጥልቅ ከተደረገ ወይም ወገቡ (ዙሪያውን ያለው ጠርዝ) ከወፈረ፣ ብር የከፈልሽበት ክብደት ከታች ተደብቆ ይቀራል፣ ከላይ ትንሽ ይመስላል። በደንብ የተቀረጸ ክብ የ1 ካራት አልማዝ ወደ 6.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የ2 ካራቱ 13 እንዳይመስልሽ፣ 8.2 ገደማ ነው! ምክንያቱም ድንጋዩ ሲያድግ ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሆነ፣ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሚሊሜትሩን ጠይቂ፣ ሰርተፊኬት ካለው እዚያ ላይ ተጽፏል። ሞላላ ቅርጽ በተመሳሳይ ክብደት ብዙ ጊዜ ሰፋ ብሎ ይታያል። ግን ስፋት ብቻ ብለሽ በጣም ስስ የሆነውን እንዳትወስጂ፣ ብርሃኑ ከታች ያመልጥና ድንጋዩ ይፈዛል። እኔ ብሆን በደንብ የተቀረጸ 0.9 ካራት ከጥልቁ 1 ካራት አስበልጣለሁ። ደግሞ በሱቁ መብራት ብቻ አትወስኚ፣ ባለሱቁን አስፈቅደሽ በር ላይ በቀን ብርሃን እጅሽ ላይ አድርገሽ እዪው።