ኬኮ ነጭናጫ ናት?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» የተሰኘውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እያየን ነው። የኦብራየን ሚስት ኬኮ ብቅ ባለች ቁጥር «መጣች ነጭናጫዋ!» ይላል። እኔን ግን ታሳዝነኛለች። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አንቺ ነሽ፣ እህቴ። ኬኮ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀምር የባሏን የማይልስ ኦብራየንን ሥራ ተከትላ የመጣችው ለሙያዋ ቦታ ወደሌለው የጠፈር ጣቢያ ነው። ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ተማሪ ጠፍቶ ተዘጋ። ደራሲዎቹ በአብዛኛው የሚያሳዩን ማይልስ ቤት ሲገባ ብቻ ነው፤ ታዲያ ከማኩረፍ ሌላ ምን ሊሰጧት? እርግዝናዋ እንኳ አልቀረላትም! የጣቢያውን መኮንን ኪራን የምትጫወተው ናና ቪዚተር በእውን ስላረገዘች፣ ፅንሱ በታሪኩ ውስጥ ወደ ኪራ ማህፀን ተዛወረ። (ኬኮን የምትጫወተው ሮዛሊንድ ቻኦ በተሰጣት ጥቂት ደቂቃ ግሩም ትሠራለች።) የሦስተኛውን ምዕራፍ መጀመሪያ ክፍሎች አብራችሁ እዩ፤ ለምርምር በአቅራቢያው ወዳለችው ፕላኔት ቤጆር እንድትሄድ ማይልስ ራሱ ሐሳብ የሚያቀርብላት እዚያ ነው።