ትዝታ ማሽን ውስጥ ሲገባ

ልጆቼ፣ የአንጎል ጥናት ለመማር ያሰባችሁ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንጎልን በማግኔት ስለሚያነሳው ማሽን፣ ስለ ኤምአርአይ ነው። የማግኔቱ ጉልበት ስንት ቴስላ ነው? የቱ ሶፍትዌር ይሻላል? እኔ ግን ትዝ የሚለኝ አንድ ሰውዬ ነው።

አሜሪካ የኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ስሠራ ነው። ጥናቱ ሰው የራሱን ሕይወት ሲያስታውስ አንጎሉ ምን እንደሚሠራ ለማየት ነበር። ሰውዬው የአገራችን ሰው ናቸው። ከሳምንት በፊት ቢሮ አስቀምጬ ትዝታቸውን መዘገብኩ። የሠርጋቸውን ቀን ዝናብ ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም። ይስቃሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ተመልሰው ያርማሉ።

በሳምንቱ ማሽኑ ውስጥ ተኙ። ጆሯቸው ተደፈነ፤ ጭንቅላታቸው እንዳይነቃነቅ በስፖንጅ ተያዘ። «ሠርግ» የሚል ቃል አሳየናቸው። ቁልፉን ተጫኑ፤ ትዝ አለኝ ማለታቸው ነው። ሲወጡ «ምን ትዝ አለዎት?» አልኳቸው።

«ለእርስዎ ያወራሁት ነዋ! ያቺ ቢሮ፣ ወረቀቱ፣ የሰጡኝ ሻይ።»

ማሽኑ ያወጣው የአንጎላቸው ሥዕል ግን ያምር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈንክሽናል ኤምአርአይ፣ ማለትም አንጎልን ሲሠራ የሚያነሳው ዓይነት፣ ሐሳብን አያይም። የሚያየው የደም ኦክስጅን ለውጥን ነው፤ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 ያሳየው ይህንኑ ነው። ያ ምልክት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ነርቮቹ ከሠሩ ከ5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። የሕይወት ትዝታ ደግሞ በቀጠሮ አይመጣም። አንዱ ብልጭ ይላል፣ ሌላው 10 ሰከንድ አስፈልጎት እየተጎተተ ይመጣል። ማሽኑ ደግሞ የሚወደው አጭር፣ የሚደጋገምና እኩል የሆነ ነገር ነው። ሲያወሩ ጭንቅላት ስለሚነቃነቅ ዝም በሉ እንላለን። እኛ ግን ቡና ላይ ስናስታውስ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብሎ ይቀማዋል። ያ ሁሉ ቱቦው ውስጥ አይገባም።

መላ የፈለጉ ሰዎች አሉ። የአንጎል ተመራማሪው ሮቤርቶ ካቤዛና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ራሳቸው ፎቶ እንዲያነሱ አደረጉ። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ የራሳቸውንና ሌላ ሰው ያነሳውን ፎቶ አሳዩአቸው። ቀድሞ ቃለ መጠይቅ የለም፤ የኔ ቢሮ ሻይም አልገባበትም። ግን የግቢ ፎቶ የሠርግ ዝናብ አይደለም። አንዱን ስትይዙ ሌላው ያመልጣችኋል።

ስለ ስታቲስቲክሱ ብዙ አልልም። በ2009 የሞተ ሳልመን ዓሣ ማሽን ውስጥ ተደርጎ የሰዎች ፎቶ ታይቶት ነበር። ብዙ የአንጎል ነጥቦች አንድ ላይ ሲፈተኑ አንዳንዱ በአጋጣሚ የሠራ ይመስላል፤ ስሌቱ ለዚህ ሳይታረም ሲቀር የዓሣው አንጎል «ሠራ»። ይኸው ነው።

ጥናት ስታነቡ ባለ ቀለሙን ሥዕል እለፉትና ሰውዬው ምን አድርጉ እንደተባሉ ፈልጉ። ዕድሉን ካገኛችሁ ደግሞ ራሳችሁ ግቡበት፤ በዚያ ጩኸት መሃል የልጅነት ቤታችሁን ለማስታወስ ሞክሩ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ከማሽኑ ሲወጣ ያቺኑ ጥያቄ እጠይቅና መልሱን በእጄ እጽፍ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለ። ግማሹ ስለ ማሽኑ ጩኸት ነው።