ስሙ ሂሉክስ፣ ስፖንዳው ሌላ

የዚህ ወር የመኪና ጥያቄዎቻችሁ ሁሉም ከአዲስ አበባ ዳር የመጡ ናቸው። አጋጣሚ ሆኖ ሁሉም ስለ ቦዲ ነው፣ ሞተር የጠየቀ የለም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ሊብሬያችሁም ላይ የመኪናው ዓመት የሚጻፈው እንደዚያው ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ብረትና ሲሚንቶ የማመላልስባት የ1980ዎቹ ሂሉክስ አለችኝ፣ ባለ አንድ ጋቢና። የኋላ መጫኛዋ በዝገት አለቀ። መርካቶ አንድ ነጋዴ «ያው የሂሉክስ ነው፣ ዓመቱም አንድ ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ባትላሜራው ሊገጥመው ሲል የብሎን ቀዳዳው ከሻንሲው (ከሥር ካለው የብረት አጽም) ጋር አልገናኝ አለ። ቁመቱም ከጋቢናው ጋር አይሄድም። ተሸወድኩ እንዴ? (ከዓለም ገና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነጋዴው ላይዋሽህ ይችላል። የሂሉክስ ነው፣ ግን የሌላ አገር ሂሉክስ ነው። ቶዮታ ጋቢናውን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት አድርጎ ሠርቶ ከጋቢናው ኋላ ያለውን እንደ ገበያው ይለያየዋል።

ትልቁ ልዩነት ያለው በአሜሪካው ላይ ነው፣ ሰበቡ ደግሞ ዶሮ ነው ብልህ አትመነኝም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አገሮች ከአሜሪካ በሚገባ ዶሮ ላይ ቀረጥ ከመሩ። አሜሪካም ተናደደችና በ1964 ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። የታሰበው የጀርመንን ቮልስዋገን ለመምታት ነበር፣ ዱላው ግን ጃፓኖቹ ላይ አረፈ። እነሱም ዘዴ አላጡም። መጫኛ የሌለው ባዶ ሻንሲና ጋቢና የሚቀረጠው 4 በመቶ ብቻ ስለነበር መኪናውን ያለ መጫኛ እየላኩ እዚያው አሜሪካ ማስገጠም ጀመሩ፣ ቶዮታም ከ1970ዎቹ ጀምሮ መጫኛውን ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ያሠራ ነበር። ይቺ የቀረጥ ማምለጫ ቀዳዳ በ1980 ተደፈነች፣ ባዶ ሻንሲውም 25 በመቶ ገባ። እስከዚያ ግን የአሜሪካው መጫኛ ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ላሜራ፣ ሌላ ቅርጽ ሆኖ ቀርቷል።

በዓይን ለመለየት ከባድ አይደለም። የአሜሪካው ጎኑ ለስላሳ ነው፣ ላሜራው ድርብ ነው፣ ከውጭ የገመድ መንጠቆ አታይበትም፣ የሚከፈተውም ከኋላ ብቻ ነው። ለሥራ ተብሎ ለእስያና ለአፍሪካ የሚላከው በብዛት ከስፖንዳው (ከመጫኛው የጎን ግድግዳ) ውጭ መንጠቆ የተደረደረበት ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ወለሉ ከጎማ በላይ ሆኖ ስፖንዳው በሦስት በኩል ይከፈታል። ሲሚንቶ ለሚያወርድ ሰው እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ያኛው ያምራል፣ ያም ሆኖ ሃምሳ ኪሎ ተሸክሞ ሁሌም ከኋላ ብቻ መውጣት ወገብ ይቆርጣል።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ኮፈኑን ክፈትና በጋቢናው ግድግዳ ላይ የተበየደችውን ወይም በሚስማር የተመታችውን ትንሽ የብረት ሳህን ፈልግ። እሷ ላይ የሞዴል ኮድ አለ። ረጅሙ ኮድ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል አገሩን ይናገራል፦ ኤ ከሆነ አሜሪካ፣ ዳብሊው ከሆነ አውሮፓ፣ ቪ ከሆነ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ኪው ከሆነ አውስትራሊያ። ከዚያ ሜትር ያዝ። ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላው ጎማ መሃል፣ ከዚያም ሻንሲው ላይ በብሎኖቹ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ለካና ቁጥሩን ጽፈህ ወደ ነጋዴው ሂድ። ሂሉክስ አጭርና ረጅም ሻንሲ እንዳለው አትርሳ፣ የደብል ጋቢናው መጫኛ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የማይገጥመውን እየቆረጡ መበየድ ይቻላል፣ እዚህ የማይበየድ ነገር የለም። ፒክአፕ ላይ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ገጥመን ውይይት ታክሲ ያደረግን ሰዎች ነን። ግን ሻንሲውን እንዳታስነካው። ስፖንዳውን ቁረጥ፣ ሻንሲውን ተወው።

ጥያቄ፦ አንድ የቮልስዋገን ኮምቢ ልገዛ ነው። ሻጩ የጀርመን ነው፣ የ1970ዎቹ ነው ይላል። ፊቱ ክብ መብራት ያለው፣ መስታወቱ አንድ ወጥ ነው። የጎን በሩ ግን አይንሸራተትም፣ እንደ ቁም ሳጥን ሁለት ሆኖ ይከፈታል። ጓደኛዬ «ከሁለት መኪና ተቆርጦ የተቀጣጠለ ነው» አለኝ። ማን ልክ ነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሁለቱም ላይሆኑ ይችላሉ። የጀርመኑ ሁለተኛ ትውልድ ከ1967 ጀምሮ ሲወጣ የጎን በሩ ተንሸራታች ነው፣ እስከ 1979ም እንደዚያው ነው የተሠራው። ፊቱ የአዲሱ ሆኖ ጎኑ ተከፋች በር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብራዚልን ነው። እዚያ የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1975 ቀጠለ። ከዚያ የአዲሱን ፊት አምጥተው ከአሮጌው ጎን ጋር ገጠሙት፣ በፋብሪካ ማለቴ ነው። ተንሸራታች በርና ከፍ ያለ ጣሪያ ያገኘው በ1997 ነው። ምርቱ ያበቃው በ2013 መጨረሻ፣ ኤርባግና ኤቢኤስ ግዴታ ሲሆንበት ነው።

ስለዚህ መቀጣጠሉ ብቻ ጥፋት አይደለም፣ ፋብሪካ ራሱ የቀጣጠለው አለ። ጥፋቱ ጋራዥ የቀጣጠለው ከሆነ ነው። የበሩ መገጣጠሚያ ሥር ምንጣፉን አንሳና እየው። የፋብሪካ ብየዳ ትንንሽ ክብ ነጥብ ሆኖ በእኩል ርቀት ይደረደራል። ወፍራም የብየዳ መስመርና ስቱኮ ካየህ ጓደኛህን ምሳ ጋብዘው። የብራዚል ከሆነ ደግሞ የጎኑን በር ከጀርመን ዕቃ እንዳትፈልግ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተከራከር።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ሚኒባስ ዶልፊን ነው፣ መሪው ግራ ነው። ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራብኛል፣ አጭር ላይ እያለሁ! ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ፊቴ ያለው ጥግ አይጠረግም። (ከሰበታ)

መልስ፦ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ይመስለኛል። ጃፓን የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። እኛም እስከ 1964 ግራ ነበርን፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞርን። ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት አጭር ላይ ሆኖም ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ይላል፣ እዚያ ደግሞ እዚህ አገር ሰው እየመጣብህ ነው። ማታ ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁመህ አብራው። ብርሃኑ በስተግራ ወደ ላይ ከተሰበረ መብራቱን ራሱን ለውጥ፣ በብሎን ማስተካከል አይፈታውም። መጥረጊያውም እንዲሁ ነው፤ ክንዶቹ የተተከሉት ለቀኝ ሾፌር ስለሆነ ያልተጠረገው ጥግ አንተ ፊት መጣ።

ማረጋገጫው ለዓለም ገናው ጠያቂ የነገርኩት የሞዴል ኮድ ሳህን ላይ ነው። ኮዱ ላይ ኤልኤች ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ካሉት ቁጥሮች በኋላ ኤል ካለ ከፋብሪካ ግራ መሪ ነው፣ አር ካለ ቀኝ መሪ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ነው ማለት ነው። ተንሸራታቹ በር በስተግራ ከሆነማ ሳህኑንም አትፈልግ፣ ተሳፋሪህን መኪና መሃል እያወረድክ ነው። መሪ ማዞር በጥሩ እጅ ሲሠራ ይቻላል፤ የሚያስፈራኝ የመሪው ዘንግና የፍሬን ፔዳሉ የተበየዱበት ላሜራ ነው። እሱን የሚያውቅ ሰው ከሥር ገብቶ ይይልህ።

ጥያቄ፦ የድሮ ዳትሰን ፒክአፕ አለችኝ። ስፖኪዮዋ በር ላይ ሳይሆን ከፊት ፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ላይ ነው። ሰፈር ይስቅብኛል፣ ላዛውረው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ይሳቁ። ጃፓን ውስጥ እስከ 1983 ድረስ ሕጉ እንደዚያ ነበር፣ ስፖኪዮ በር ላይ አይፈቀድም ነበር። መኪናህ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራች ሳትሆን አትቀርም፣ ስለዚህ መሪዋ አሁን ግራ ከሆነ የሰበታውን መልስ ደግመህ አንብብ። በበሩ ላይ ጨምርበት፣ የፊቱን ግን አትንቀለው። ከነቀልከው ፓራፋንጎው ላይ የሚቀረውን ቀዳዳ በስቱኮ ይደፍኑልሃል፣ በሁለተኛው ክረምት ከሥሩ ዝጎ ይነሳል።